ወርቅ የለበሰው ክላሽ

አምጃድ የሚሏት ትንሽ የኪራይ መኪና ካርቱም ውስጥ የሳጃናን ሰፈር ለቃ ወደ ምሥራቅ ስትታጠፍ፣ ብርቅነሽ ጭኗ ላይ ያጋደመችውን ጥቅል በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች። ጥቅሉ በነጭ አቡጀዲ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ፣ ከላይ በአሮጌ የሱዳን ነጠላዋ፣ በቶቧ፣ ተሸፍኗል። መንገድ ላይ ያያት ሰው የታመመ ሕፃን ይዛ ሐኪም ቤት የምትሮጥ እናት ትመስለው ነበር። ሕፃን ቢሆን በወደደች። አቡጀዲው ውስጥ የተኛው ግን ሰደፉ የሚታጠፍ፣ እንጨት የሚባል ያልነካው፣ ከአፈሙዙ እስከ ቃታው በወርቅ የተነከረ ክላሽ ነው።

ዕለቱ ቀዳም ሹር፣ ሚያዝያ ሰባት ቀን ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት ነበር። ሰዓቱ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ገደማ። ብርቅነሽ ጎሕ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ፣ ቄሱ ያደሏትን ቄጠማ እንደ ሀገሯ ደንብ ግንባሯ ላይ አስራለች። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። አጠገቧ የተቀመጡት ጋሽ ተስፋጽዮንም እንደ እሷ አክፍለዋል፤ በዚያ ላይ ትናንት ስቅለትን ሲሰግዱ ውለው ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል።

ጋሽ ተስፋጽዮን የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ጎንደር ላይ የሥዕል መምህር ነበሩ። ፖለቲካው ሲያሳድዳቸው በመተማ በኩል ሱዳን ገቡና፣ ከአንጥረኛው አባታቸው የወረሱትን የወርቅ ቅብ ሙያ እንጀራቸው አደረጉት። ካርቱም ውስጥ ጽዋ ወይም መስቀል የወየበበት ቤተ ክርስቲያን ወደ እሳቸው ይልካል። ብርቅነሽ ዐሥራ አንድ ዓመት አብራቸው ሠርታለች፤ እሳቸው ይነክራሉ፣ እሷ ትወለውላለች። የማይለቃቸው አንድ ጠባይ አለባቸው፤ ያላማራቸውን ነገር አማረ አይሉም። አንዲት ሙሽራ የጥሎሽ ሐብሏን አሳይታ «ያምራል ጋሼ?» ብትላቸው፣ «ለሚወደው ያምራል» ብለው ያስለቀሷት ሰው ናቸው።

ዛሬ ይህ ጠባያቸው ነው ብርቅነሽን ያስፈራት።

ነገሩ ከዐሥር ቀን በፊት ተጀመረ። ባሏ ቢረሳው መካኒክ ነው። ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀቱ፣ ጊዜው አልፎበት ሳለ ከሻ መጣ። ካርቱም የኖረ ሐበሻ ከሻን ያውቃል፤ መጤውን ከየመንገዱ የሚያፍሱበት አፈሳ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በማግስቱ ተለምነው ይለቃሉ። ያን ቀን ግን ዐቂድ ሐምደኒል የተባለ ኮሎኔል መካኒክ መሆኑን ሰማና፣ ጀሪፍ ካለው ግቢው ወስዶ ቆለፈበት። ቀን ቀን ታትሸር የሚሏቸውን የጦር ፒካፖች ያስጠግነዋል፣ ማታ ማታ ከኋላ ባለች ክፍል ይዘጋበታል። በዚያ ሰሞን ከተማዋ ውስጥ ሁለት ጦር ተፋጦ ነበር። ዐቂዱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ብርቅነሽ ጠይቃም አታውቅ፤ ለእሷ ባሏን የያዘ ሰው ነው፣ በቃ። እግሩ ላይ ወድቃ ስትለምነው ሥራዋን ጠየቃት። ነገረችው። ገባ ብሎ ይህን ክላሽ ይዞ ወጣ።

«ለዒድ ለትልቅ ሰው የምሰጠው ገጸ በረከት ነው» አላት። «እስከ ቅዳሜ ወርቅ አልብሱልኝ። ካማረ ባልሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ካላማረ ደግሞ መካኒክ ያስፈልገኛል።»

ካማረ። ሰው በዚህች አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ጋሼ» አለች ብርቅነሽ በመኪናው መስኮት እየተመለከተች፣ «ዛሬ እንኳ ለእኔ ብለው አማረ ይበሉ። አንዲት ቃል ናት።»

«ሥራው ንጹሕ ነው» አሉ። «መጀመሪያ መዳብ፣ ከዚያ ኒኬል፣ ከዚያ ወርቅ። አንድ ጠብታ አረፋ የለበትም።»

«እሱን አይደለም የሚጠይቅዎ።»

«ከነገሩ ጦም እደሩ ይባል ነበር። እኛ ጦሙንም ጦምን፣ ነገሩም ውስጥ ገባን።» መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጠረጉ። «ሞላው እንኳ አይነከር ብዬ ዐቂዱን በስልክ ብለምነው መቼ ሰማኝ። ቀጭን ሞላ አሲድ ከነካው በኋላ እንደ ደረቅ ቅጠል ነው፣ ይሰበራል። ‹የውስጡም ይነከር፣ ይህ ለዐይን ነው› አለኝ። የውስጡን ማን ሊያየው ነው?»

ሾፌሩ ሳምሶን ካርቱም ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ ነው። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በመስታወቱ አያቸው።

«ጋሽዬ፣ ሻሪዕ ሲቲን መንገዱ ብዙ ዐስከሪ፣ ወታደር አለ ዛሬ። ወላሂ፣ እኔ እንደዚህ አላየሁም። ሱቅ ዐረቢ፣ ገበያው ራሱ፣ ሱቆች ግማሽ ተዘግተዋል።»

እውነቱን ነው። የአውሮፕላን ማረፊያውን አጥር ታክከው ሲያልፉ፣ መትረየስ የጫኑ ታትሸሮች በየዛፉ ጥላ ሥር አፍንጫቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆመው ነበር። ወታደሮቹ አይጫወቱም፣ አያጨሱም። ረመዳን ነውና አለማጨሳቸው አይገርምም፤ ዝምታቸው ግን ጥሩ አይመስልም። አንዱ እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። መስኮቱን ተደግፎ የብርቅነሽን ግንባር አየ፤ ቄጠማውን።

«ደ ሹኑ ያ ሐበሺያ? ይህ ምንድን ነው?»

«የዒዳችን ነው» አለች በአረብኛ።

ወደ ጥቅሉ ተመለከተ። ብርቅነሽ ሳታስበው እንደ ልጅ መታ መታ አደረገችው። ወታደሩ ዐይኑን አንሥቶ ወደ ደቡብ፣ ምንም ወደማይታይበት አቅጣጫ ጆሮውን ሰጠና «ያላ፣ ያላ፣ ሂዱ» አለ።

ጥቂት እንደሄዱ ጋሽ ተስፋጽዮን የኮታቸውን ኪስ ዳበሱ። አንዲት ትንሽ የብረት ምልክት መምቻ አወጡና ትክ ብለው አዩዋት። ፊታቸው ሲለወጥ ብርቅነሽ አየች።

«ብርቄ፣ ትናንት ማታ... ማኅተሜን መትቼበታለሁ እንዴ?»

የእሳቸውን ማኅተም ታውቃለች፤ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ፣ አራት ክንድ ያላት መስቀል። አባታቸው «ሥራ ያለ መስቀል አይለቅም፣ ሰይጣን ይገባበታል» ብለው ስላስተማሯቸው፣ ጽዋም ይሁን የጆሮ ጉትቻ ሳይመቱባት አይለቁም። ብርቅነሽ እጇን በአቡጀዲው እጥፋት ሰደደች። ጣቷ በቃታው መከለያ ሥር ዞረ። አገኛት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ትንንሽ ክንዶች።

«መትተዋል» አለች።

«ከስግደት መልስ ነበር። ዐይኔ እየጨለመ... እጄ በራሱ ነው የሠራው፣ የእግዜር ያለህ!»

በረመዳን፣ ለአንድ ትልቅ ሙስሊም የሚሰጥ ገጸ በረከት ላይ መስቀል መምታት። ዐቂዱ ስሕተት ነው ብሎ አያምንም፤ ሊያዋርዱኝ ነው ይላል። ሞረድ ይዘው ቢሆን እንኳ መስቀሏን ሲፍቋት ወርቁ አብሮ ይነሣል። ተመልሰው እንዳይሄዱ ደግሞ ቢረሳው እዚያ ነው። ብርቅነሽ መላ ስታጣ እንደ ልማዷ ጥቅሉን ይበልጥ አጠበቀችው። ሳምሶን ያለ ጥያቄ ወደ ጀሪፍ ነዳ።

ግቢው ከጥቁር አባይ ዳርቻ ብዙም አይርቅም፤ ዛሬ የሐበሻው ሁሉ ግንባር ላይ ያለው ቄጠማ የታጨደው ከዚያው ዳርቻ ነው። ሳምሶን ከነመኪናው ውጭ ሲቀር፣ ትልቁ የብረት በር ለሁለቱ ተከፈተላቸው። በረንዳው በቀጥታ ወደ በሩ ያያል። ሁለት ታትሸሮች ሞተራቸው እየሠራ ቆመዋል። ዐቂድ ሐምደኒል ስልክ በጆሮው ይዞ ይንጎራደዳል፤ ቀጭን፣ የተላጨ፣ ሽቶው ከበር የሚቀበል ሰው ነው። በረንዳው ላይ ካለው የገመድ አልጋ፣ ከዐንገሬቡ ጫፍ፣ እናቱ ሐጃ ሉጥፊያ የጸሎት መቁጠሪያዋን፣ ሙስበሓዋን፣ እየቆጠረች ተቀምጣለች።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ» አለች አሮጊቷ። «ውኃ እንዳልሰጣችሁ እኛ ጦመኞች ነን።»

«እኛም ጦመኞች ነን፣ ሐጃ» አለች ብርቅነሽ።

«ሱብሐን አላህ። ታዲያ በዚህ ቤት የሚበላው ማነው?»

ዐቂዱ ስልኩን ዘጋ። ብርቅነሽ ጥቅሉን ዐንገሬቡ ላይ አስተኝታ አቡጀዲውን ፈታችው። የጧት ፀሐይ በበሩ በኩል ገብታ ብረቱ ላይ ዐረፈች። በሩ ላይ የነበሩት ሁለት ወታደሮች ሳይታዘዙ ቀረብ አሉ። ብርቅነሽ ጨርቁን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ያዘች፤ ያ አቡጀዲ ደንበኛ ጋ አይቀርም፣ ታጥቦ የሚቀጥለውን ጽዋ ይጠቀልላል፤ የሱቁ ደንብ ነው።

ዐቂዱ ክላሹን አነሣ። ወደ ግራ አዞረው፣ ወደ ቀኝ አዞረው። የገዛ ፊቱን በላዩ አየ።

«ሰመሕ!» አለ። ያምራል ማለቱ ነው። ወዲያው ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ሰመሕ፣ ሙሽ ኪዳ ያ ኡስታ? አይደለም እንዴ? አንተ የእጅ ባለሙያ ነህ። ወታደሮቼ ‹ጀናቡ ያምራል› ይሉኛል፤ አህያም ብቀባ ያምራል ነው የሚሉኝ። አንተ ንገረኝ።»

«ሥራው ንጹሕ ነው፣ ጀናቡ።»

«ሥራውን አልጠየቅኩህም።»

ብርቅነሽ የጋሽ ተስፋጽዮንን እጅጌ ከኋላ ሳበች። አንዲቷ ቃል አፋቸው ጫፍ ላይ ደርሳ ስትመለስ ታየቻት።

«ጀናቡ፣ ወርቅ ሰውን ና ቅረብ ብሎ የሚጠራ ነገር ነው። መሣሪያ ደግሞ ሰው እንዲርቅ ነው የሚያዝ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ዐይን ግራ ይገባዋል።»

ወታደሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዐቂዱ ግን አልተቆጣም፤ ፈገግ አለ፣ ፈገግታውም ከቁጣ የባሰ ነበር።

«ግራ ይገባዋል! የእናንተ መስቀል ወርቅ አይደለም? መስቀል ምንድን ነው? እንደ እናንተ እምነት ሰው የተገደለበት እንጨት ነው። እሱን ወርቅ ስትቀባ ዐይንህ ግራ አልገባውም?»

ብርቅነሽ እንኳ በልቧ እውነቱን ነው አለች። ጋሽ ተስፋጽዮን ቀና አሉ።

«መስቀሉ ከዚያ ወዲህ ማንንም አልገደለም፣ ጀናቡ። እኛ የምንቀባው መግደሉን የጨረሰውን ነው።»

«ይኸኛውስ?»

«ይኸኛው ገና ነዋ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ብርቅነሽ ዐይኗን ጨፈነች። አንድ ጊዜ ቢረሳውን በቅባት በተለወሰ ቱታው አየችው፣ በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ቱታ፣ በሚቀጥለውም። ሽማግሌውን ልትጠላቸው ፈልጋ አቃታት።

«መልካም» አለ ዐቂዱ በቀስታ። «ዳኛ አለን። ዩማ፣ እናቴ፣ አንቺ ፍረጂ። ሰመሕ ካልሽ ሴትዮዋ ባሏን ትውሰድ። ሸይን ካልሽ፣ አስቀያሚ ነው ካልሽ፣ እነዚህም ሁለቱ ተጨምረው እዚህ ይውላሉ።» ክላሹንም በእናቱ ጭን ላይ አስቀመጠ።

ሐጃ ሉጥፊያ ሙስበሓዋን አኖረች። የዐይኗ ብርሃን ደክሟልና ብረቱን እንደ ጨርቅ በጣቷ ዳበሰችው፤ አፈሙዙን፣ ካዝናውን፣ ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ቃታው። ብርቅነሽ የአሮጊቷን አውራ ጣት በዐይኗ ተከተለችው። ጣቱ ቆመ። ሐጃ ሉጥፊያ ጎንበስ አለች፣ አየች። ከዚያም ማንም ባልጠበቀው መንገድ የገዛ አምባሯን ወደ ዐይኗ አስጠጋች። አሮጌ፣ የከሳ የወርቅ አምባር ነው፣ ምናልባት ከሠላሳ ዓመት በፊት ሱቅ ዐረቢ ውስጥ የታደሰ። በውስጥ በኩል ያችው ምስር የምታህል ባለ አራት ክንድ ምልክት ነበረችበት። አምባሩን አየች፣ ክላሹን አየች፣ ሽማግሌውን አየች። ይህን ያህል ዘመን እጇ ላይ ለብሳው ሰግዳለች፣ ሐጅ ሄዳለች።

አውራ ጣቷን መስቀሏ ላይ ጫነችና ሸፈነቻት።

«ሰመሕ ነው» አለች ለልጇ። «ሰውየውን ስጣቸው።»

ዐቂዱ ትከሻውን ነቀነቀ፤ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ የቁልፍ ዘለላ አወጣ። ልክ በዚያች ቅጽበት ከደቡብ አንድ ከባድ ድምፅ መጣ፤ የበረንዳው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ጥይት ያለማቋረጥ ይንጣጣ ጀመር። ሦስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። የዐቂዱ ስልክ ጮኸ። ሰማና ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ጀናቡ! ባሌን!» ብላ ብርቅነሽ ፊቱ ቆመች። ገፍቷት አለፈ። ከእናቱ ጭን ወርቁን ክላሽ ነጥቆ ማንቀሳቀሻውን ወደ ኋላ ሳበ። ውስጡ ጠቅ አለ፤ ማንቀሳቀሻው ወደ ፊት አልተመለሰም። ሞላው ተሰብሯል። ዐቂዱ ሽማግሌውን አየ፤ ጋሽ ተስፋጽዮን አስቀድመው ብለውታል። እንደ እሳት ዐንገሬቡ ላይ ወርውሮት የአንዱን ወታደር ጥቁር ክላሽ ቀማ፣ ታትሸሩ ላይ ዘለለ። ሁለቱም መኪኖች ወታደሮቹን ጭነው፣ በሩን እንደ ከፈቱት ጥለው ወጡ። በረንዳው ላይ አሮጊቷና ሁለቱ ሐበሾች ብቻ ቀሩ።

ብርቅነሽ ወደ ኋላ ቤት ሮጠች። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ የክንድ ያህል ነው። «ቢረሳው!» ስትል ከውስጥ በሩን ደበደበ። በድንጋይ መታችው፣ ድንጋዩ ተፈረከሰ። ዘወር ስትል ጋሽ ተስፋጽዮን ወርቁን ክላሽ ይዘው ከኋላዋ ቆመዋል። በሰላሙ ጊዜ የቀቡትን ዕቃ በጥፍሯ ብትነካባቸው የሚጮኹ ሰው፣ አፈሙዙን በቁልፉ ቀለበት ውስጥ ከተቱ፣ ሰደፉን ያዙ፣ እሷም ያዘች።

«በስመ አብ በይ።»

አንድ ጊዜ ተንጠለጠሉበት። ወርቁ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ሁለተኛ ጊዜ። ከወርቁ ሥር ኒኬሉ፣ ከኒኬሉ ሥር መዳቡ፣ ከመዳቡ ሥር ጥቁሩ ብረት ወጣ። በሦስተኛው የቁልፉ ማንጠልጠያ ከበሩ እንጨት ተነቅሎ ወደቀ። ቢረሳው ጢሙ አድጎ፣ እጁ በግሪስ ጠቁሮ ብቅ አለ። ብርቅነሽ አንገቱን አንቃ አለቀሰች። እሱ ግንባሯን ዳበሰ።

«ቄጠማ? ፋሲካ ደረሰ እንዴ?»

ጋሽ ተስፋጽዮን ግን የተጣመመውን አፈሙዝ ወደ ብርሃን አንሥተው እያገላበጡ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአፋቸው ስትጠብቀው የኖረችውን ቃል ያን ጊዜ ሰማች።

«አሁን አማረ» አሉ።

ወደ በረንዳው ሲመለሱ ሐጃ ሉጥፊያ ከቦታዋ አልተነሣችም። ከአውሮፕላን ማረፊያው ጥቁር ጢስ እየወጣ ነው። ብርቅነሽ የአሮጊቷን ክንድ ያዘች። «ይነሡ ሐጃ፣ ከእኛ ጋር ይሂዱ፣ መኪና አለን።»

«ልጄ ሲመለስ ቤቱን ባዶ አያገኘውም። ዕቃውንም እዚሁ አስቀምጡለት፣ ምን እንደ ሆነ ይየው።» ጋሽ ተስፋጽዮን ወርቁን ክላሽ አጠገቧ አጋደሙት። ሐጃ ፈገግ አለች። «በጦም አፌ አስዋሻችሁኝ። ይቅር ይበለኝ። አስቀያሚ ነገር ነበር።» ከዚያ ወደ ብርቅነሽ ግንባር ጠቆመች። «ይህ ሣር ምንድን ነው?»

«ነቢዩ ኑሕ መርከብ ውስጥ ሳለ ርግብ ያመጣችለት ምሥራች ነው። በየዓመቱ በዛሬው ቀን እናስረዋለን።» ብርቅነሽ ቄጠማውን ፈታች፣ በአሮጊቷ አምባር ላይ አሰረችው።

«ውኃው ጎድሏል ማለት ነው?» አለች ሐጃ ሉጥፊያ።

አንድ ተዋጊ አውሮፕላን ጣሪያውን ታክኮ አለፈ።

«ኢንሻአላህ፣ ሐጃ» አለች ብርቅነሽ።

ሳምሶን ጥሩምባውን እየነፋ ነበር። ቢረሳው ሽማግሌውን ደግፎ ወጣ፣ እሷም ተከተለች። አምጃዷ በወንዙ ዳር ወዳለው የዐፈር መንገድ ስትታጠፍ፣ ብርቅነሽ በኋላው መስታወት ወደ ግቢው አየች። ከታችኛው መንገድ የማታውቃቸው ሦስት ታትሸሮች እየገሰገሱ መጡ፤ የማን እንደሆኑ አይለይም። ቤቱን አልፈው ሊሄዱ ነበር። ነገር ግን በተከፈተው በር፣ ፀሐይ በምትገባበት በረንዳ፣ ከአሮጊቷ አጠገብ አንድ ነገር ቦግ ብሎ አበራ። የፊተኛው መኪና ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ሳምሶን፣ አቁም!» ብላ ጮኸች። ሳምሶን አላቆመም። መኪኖቹ አንድ በአንድ ወደ ግቢው ታጠፉ።

ያን ጊዜ ብብቷን አየች። አጣጥፋ የያዘችው፣ ክላሹን ሊሸፍነው ይችል የነበረው ነጭ አቡጀዲ እዚያው ነበር።